ወደ ላይ የተሰቀለ ዓይን፦ የአእምሮ መድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳትና የጌዴኦ ገጠር

ሃሎፔሪዶል የተባለው የአእምሮ መድኃኒት በተጀመረ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ብዙውን ጊዜ ወደ ማታ፣ የታማሚው ሁለት ዓይኖች ወደ ጣሪያው ይሰቀላሉ። ብሌኑ ከቆብ ሥር ይገባና ነጩ ብቻ ይቀራል። አንገት ወደ ኋላ ይቆለመማል፤ አንዳንዴ ምላስ ይወጣል፣ አንዳንዴ መንጋጋ ይገጥማል። ሰውየው ይሰማል፣ ያውቃል፣ ይጨነቃል። ዓይኑን ግን ማውረድ አይችልም፤ ለአፍታ ቢያወርደውም ተመልሶ ይሄዳል። ይህ ሁኔታ ከጥቂት ደቂቃ እስከ ብዙ ሰዓት ይቆያል። በሕክምና ቋንቋ ስሙ ኦኩሎጂሪክ ክራይሲስ ነው።

ከአእምሮ መድኃኒቶች የጎንዮሽ ጉዳቶች መካከል ለተመልካች እጅግ አስደንጋጩ ይህ ነው። ለማከም የሚቀለውም ይኸው ነው። ትክክለኛው መርፌ ከተወጋ ዓይን ብዙ ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። ስለዚህ ጉዳዩ ተዘግቷል ሊባል ይችል ነበር። ያልተዘጋው መርፌው ያለበት ቦታና ዓይኑ የሚሰቀልበት ቦታ ስለሚለያዩ ነው። መድኃኒቱ በጌዴኦ ዞን ከተማ በዲላ ተጽፎ፣ ክራይሲሱ ከይርጋ ጨፌ አልፎ በጌዴብ ወረዳ፣ ባንኮ ጎቲቲ ውስጥ ባለ ቤት በሌሊት ቢመጣ፣ ክርክሩ ሁሉ መልኩን ይለውጣል።

ከእንቅልፍ ወረርሽኝ እስከ ላርጋክቲል

ክስተቱ ከመድኃኒቶቹ በዕድሜ ይበልጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አውሮፓ ውስጥ አንድ እንግዳ ወረርሽኝ ተነሣ። ሰዎችን በእንቅልፍ እየጣለ ይገድል፣ የተረፉትንም ያደነዝዝ ነበር። የቪየናው ሐኪም ኮንስታንቲን ፎን ኤኮኖሞ እ.ኤ.አ. በ1917 በሽታውን ገልጾ ስም ሰጠው። ከወረርሽኙ ከተረፉት ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ የፓርኪንሰን ዓይነት ግትርነት ያዛቸው፤ ከግትርነቱ ጋር ደግሞ ዓይናቸው በየጊዜው ወደ ላይ እየተሰቀለ ይቆለፍ ጀመር። ኦኩሎጂሪክ ክራይሲስ የሚለው ስም በሰፊው የታወቀው በእነዚህ ሰዎች ነው።

ወረርሽኙ ሲጠፋ ክራይሲሱም ከሆስፒታሎች ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። የመለሰው መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ፓሪስ በሚገኘው ሴንት አን ሆስፒታል ዣን ደሌና ፒየር ዴኒከር ክሎርፕሮማዚንን ለሳይኮሲስ ታማሚዎች መስጠት ጀመሩ፤ በእኛ አገር ብዙ ሰው ላርጋክቲል በሚለው የንግድ ስሙ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ የቤልጂየሙ ፖል ያንሰን ቤተ ሙከራ ሃሎፔሪዶልን አወጣ። ለዘመናት በሰንሰለት ይታሰሩ የነበሩ ሰዎች ተረጋጉ። ከመረጋጋቱ ጋር መንቀጥቀጥ፣ መቁነጥነጥ፣ የአንገት መጣመምና የዓይን መሰቀል አብረው ገቡ።

እዚህ ላይ በኋላ ብዙ ሰው የተጎዳበት አንድ አስተሳሰብ ተወለደ። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ ዮአኪም ሃሰ መድኃኒቱ በትክክል የሚሠራው በእንቅስቃሴ ላይ ጥቂት ለውጥ ማሳየት ሲጀምር ነው አለ፤ የእጅ ጽሑፍ ማነስን እንደ መለኪያ ይጠቀም ነበር። ሃሰ የተናገረው ስለ ጥቃቅን ምልክት ነው። ከእሱ በኋላ የመጡ ሐኪሞች ግን መጠኑን እየጨመሩ ሄዱ፤ ግትርነቱን የሥራ ማስረጃ አድርገው ያዩት ጥቂቶች አልነበሩም። ክሎዛፒን የተባለው መድኃኒት ያለዚህ ሁሉ ግትርነት ሳይኮሲስን ማከም እንደሚቻል ሲያሳይ ሐሳቡ ተናጋ። የአንጎል ምስል ጥናቶችም ክሎዛፒን ያሳየውን ደገፉ፦ ሕመሙን ለማስታገስ ከዶፓሚን ተቀባዮች ከመቶ 65 እስከ 70 ያህሉን መያዝ ሲበቃ፣ የእንቅስቃሴ ችግር የሚበዛው ከመቶ 80 አካባቢ ሲታለፍ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው፤ ግን አለ።

ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ

ስሞች በመደባለቃቸው ብዙ ጉዳት ስለሚደርስ፣ መለየቱ ላይ ትንሽ መቆየት ተገቢ ነው።

ኦኩሎጂሪክ ክራይሲስ አጣዳፊ ዲስቶኒያ ከሚባለው የጡንቻ መቆለፍ አንዱ መልክ ነው። አጣዳፊ ዲስቶኒያ ከያዛቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉን የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ነው፤ አብዛኞቹን ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ። ነባሮቹን መድኃኒቶች ከሚጀምሩት ሰዎች ከመቶ 10 ገደማ ያጋጥማቸዋል፤ በወጣት ወንዶች፣ ከዚያ በፊት መድኃኒቱን ቀምሰው በማያውቁና ሃሎፔሪዶልን የመሰለ ጠንካራ መድኃኒት በተሰጣቸው ላይ ይበዛል። ከዚህ የተለየው ዘግይቶ የሚመጣው ነው፤ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የሚጀምር፣ የሚመላለስ፣ ለመርፌው ቶሎ የማይታዘዝ። የዓይን ቆብ ደጋግሞ መጨፈንና የአፍ ማኘክ መሰል እንቅስቃሴ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ሦስቱን በአንድ ስም ጠርቶ በአንድ መድኃኒት ማከም ስህተት ነው፤ አጣዳፊውን የሚያስታግሰው እንክብል ዘግይቶ የሚመጣውን ማኘክ ሊያብሰው ይችላል።

ከሚጥል በሽታ የሚለየው ዋናው ምልክት ንቃት ነው፤ ዓይኑ የተሰቀለበት ሰው ስሙ ሲጠራ ይሰማል። ከመንጋጋ ቆልፍ የሚለየው የመድኃኒት ታሪኩ ነው፤ ቁስል ያለበትና መድኃኒት ያልወሰደ ሰው ግን ሌላ ምርመራ ያሻዋል። ትኩሳት ያለው ሕፃን ዓይኑ ወደ ላይ ሲሄድ አንጎል ላይ የወጣ ወባ ሊሆን ስለሚችል ለጥርጣሬ እንኳ ጊዜ መስጠት አይገባም።

የአእምሮ ታማሚ ባልሆነ ሰው ላይም ይደርሳል። ለማስታወክ የሚሰጠውና በአገራችን ፋርማሲዎች ፕላሲል በሚል ስም የሚታወቀው ሜቶክሎፕራማይድ እንደ ሃሎፔሪዶል የዶፓሚን ተቀባይን ይዘጋል። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ከአምስት ቀን በላይ እንዳይወሰድና ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጨርሶ እንዳይሰጥ ያዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። ስለ «እብደት መድኃኒት» ብቻ የሚመስለው ጥያቄ ስለዚህ የምታስታውክ ነፍሰ ጡርንም ይመለከታል።

ከሁሉ የሚከፋው የስም ስህተት ግን ከሐኪም ቤት ውጪ አይደለም። ክራይሲሱ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ትኩረት ሲቀየር ይላላል፣ በድካምና በጭንቀት ይብሳል። ይህ ጠባዩ «እያስመሰለ ነው» ለሚል ነርስ ጥሩ ማስረጃ ይመስላል። የታማሚው ፍርሃትና የተመለሰ የሚመስለው ቅዠትም «ሕመሙ ተባብሷል» ለሚል ሐኪም እንዲሁ። ይህ ሐኪም ተጨማሪ ሃሎፔሪዶል ይወጋል፤ እሳትን በቤንዚን ማጥፋት የሚሉት ይህ ነው።

ቤተሰብም የራሱ ስሞች አሉት። ዓይኑ ተገለበጠ፣ ለከፈው፣ መንፈስ ያዘው። የጌዴኦ ሕዝብ በብዛት የፕሮቴስታንት አማኝ ነው፤ በሌሎች አካባቢዎች ወደ ጠበል የሚወስደው መንገድ እዚህ ብዙ ጊዜ ወደ ጸሎት ቤት ይወስዳል። ይህን ማፌዣ ማድረግ አይገባም፦ የተገለበጠ ዓይን አይቶ የማይደነግጥ የለም። ችግሩ ሌላ ነው። ክራይሲሱ በራሱ ጊዜ የሚያልፍ በመሆኑ ያኔ በአጠገቡ የነበረ ሁሉ ያዳነው ይመስላል። የጸለየ ሰው ጸሎቱ ሠራ ይላል፤ መድኃኒቱን ያቋረጠ ቤተሰብ ማቋረጡ ሠራ ይላል። በከፊል ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ የተቋረጠው ሕክምና ግን ከወራት በኋላ ሕመሙን መልሶ ያመጣል።

ለምን ዓይን?

በአንጎል ውስጥ ዶፓሚንና አሴቲልኮሊን እንደ ሚዛን ሁለት ጫፎች ይሠራሉ፤ አንዱ ሲታፈን ሌላው ይገንናል፣ ጡንቻም ይቆለፋል። የተለመደው ማብራሪያ ይህ ነው። ፀረ-ኮሊነርጂክ የተባሉት ማስታገሻዎች መሥራታቸው ይደግፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 ዴቪድ ማርስደንና ፒተር ጄነር ግን አንድ የማይገጥም ነገር አነሡ፦ መታፈኑ ብቻ ምክንያት ከሆነ ክራይሲሱ መድኃኒቱ በደም ውስጥ በበዛበት ሰዓት መምጣት ነበረበት። የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ መጠኑ መውረድ ሲጀምር ነው። ስለዚህ አንጎል መታፈኑን ለማካካስ የሚያፈሰው ተጨማሪ ዶፓሚን በተነቃቁ ተቀባዮች ላይ ሲያርፍ ነው አሉ። ክርክሩ አልተቋጨም። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት የጊዜ ሰሌዳ ግን ለገጠር ሕክምና ከንድፈ ሐሳቡ ይበልጣል፤ አደጋው የሚመጣው ታማሚው ከሐኪሙ ፊት ሳለ ሳይሆን ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

የቡታጅራ ወጣቶች

በአገራችን ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ጠንካራው ማስረጃ የመጣው ከቡታጅራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ደረጀ ከበደንና አታላይ ዓለምን ጨምሮ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠየቁ። የስኪዞፍሬኒያ ታማሚ ሆነው ከተገኙት 321 ሰዎች ከአምስቱ አራት በላይ ወንዶች ነበሩ። ሕመሙ በአማካይ የጀመራቸው በሃያዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ነው። ቀድሞ ፀረ-ሳይኮሲስ መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት ከአሥሩ አንዱ አይሞሉም ነበር።

እነዚህ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ስለ ሕክምና እጦት ለመናገር ነው። ከላይ ከተዘረዘረው የአደጋ ዝርዝር ጎን ሲቀመጡ ግን ሌላ ነገር ይናገራሉ፦ ወጣት፣ ወንድ፣ መድኃኒት ቀምሶ የማያውቅ። የኢትዮጵያ ገጠር ታማሚ ለኦኩሎጂሪክ ክራይሲስ በመጽሐፍ የተጻፈው ምሳሌ ራሱ ነው። ሕክምና ወደ ገጠር በሰፋ ቁጥር ይህ ጉዳት አብሮ መስፋቱ አይቀርም።

በዚሁ አካባቢ የተሠሩ ኋለኛ ጥናቶች ሁለት ነገር ጨመሩ። ሰሎሞን ተፈራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት ታማሚዎች መድኃኒት ከሚያቋርጡባቸው ምክንያቶች ጎልቶ የወጣው የምግብ እጦት ነው፤ መድኃኒቱ ያስርባል፣ ቤት ውስጥ ግን የሚበላ የለም። የጎንዮሽ ጉዳትም ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሌላ ሙከራ ደግሞ በጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የሚሰጥ ክትትል በሳይካትሪ ነርስ ከሚመራው የማያንስ ውጤት ማምጣቱን አሳየ። ይህ ትልቅ ውጤት ነው። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ አሥርት ዓመታት ብቻውን የተሸከመውን ሸክም የሚያቃልል መንገድ ይህ ነው።

ፈጣን ጂን፣ ያልፈጠነ ሰውነት

መጠኑ ስንት ይሁን የሚለው ጥያቄ ለኢትዮጵያውያን የራሱ መልክ አለው። ሃሎፔሪዶልንና ሪስፔሪዶንን ጨምሮ ብዙ የአእምሮ መድኃኒቶችን ጉበት የሚሰባብረው በከፊል ሲዋይፒ2ዲ6 በተባለ ኢንዛይም ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ከኢትዮጵያውያን ከመቶ 29 ያህሉ ይህን ጂን በድርብ ወይም ከዚያ በላይ እንደሚሸከሙ አሳዩ፤ በአውሮፓውያን ዘንድ ቁጥሩ እጅግ አነስተኛ ነው። ወረቀት ላይ ሲታይ ብዙ ኢትዮጵያውያን መድኃኒቱን ቶሎ ያቃጥላሉ፣ ስለዚህ ከፍ ያለ መጠን ያስፈልጋቸዋል ያሰኛል።

እዚያ ላይ ያቆመ ሰው ግን ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2002 ይኸው ቡድን ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩና ስዊድን ውስጥ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን አነጻጸረ። ጂናቸው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ አገር ቤት ያሉት ኢንዛይም የሚሠራው ዝግ ብሎ ነበር። አካባቢ፣ ምናልባትም አመጋገብ፣ ጂኑን ይጫነዋል ማለት ነው። ስለዚህ «ኢትዮጵያዊ ፈጣን ነው» ብሎ መጠን መጨመርም ሆነ በአውሮፓ መመሪያ በጭፍን መሄድ አያስኬድም። ክብደቱ ዝቅ ላለ፣ በቂ ላልበላ ሰው ደግሞ ጥያቄው ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሕክምና ልዩ ባለሙያ ላልሆኑ የጤና ባለሙያዎች ያዘጋጀው መመሪያ ሃሎፔሪዶልን በቀን ከ1.5 እስከ 3 ሚሊግራም ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመር ይላል፤ ለእኛ ሁኔታ የተሻለ መነሻ አይታየኝም። ጫትም በዶፓሚን ላይ የሚሠራ በመሆኑ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል፤ ኮኬይን ለዲስቶኒያ እንደሚያጋልጥ ታውቋል፣ የጫት ጉዳይ ግን ክፍት ነው።

አዳዲሶቹ መድኃኒቶች መፍትሔ ናቸው የሚሉም አሉ። ሪስፔሪዶንና ኦላንዛፒን ይህን ጉዳት ይቀንሳሉ፤ አያጠፉም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት መጠነኛ ጥንካሬ ያለውን ነባር መድኃኒት፣ ፐርፌናዚንን፣ በልኩ ሰጥቶ ከአዳዲሶቹ ጋር ሲያነጻጽረው በእንቅስቃሴ ችግር በኩል የተጠበቀው ሰፊ ልዩነት አልታየም። ልዩነቱ በመድኃኒቱ ዘመን ብቻ ሳይሆን በመጠኑም ላይ ነው።

አስቀድሞ መስጠት ወይስ መጠበቅ?

የዚህ ዳሰሳ ዋና ክርክር እዚህ ነው። ማስታገሻው ይታወቃል፦ ባይፔሪደን፣ ወይም እኛ ጋ የተለመደው ትራይሄክሲፌኒዲል፣ ብዙዎች አርቴን የሚሉት፤ በአደጋ ጊዜ ደግሞ የፕሮሜታዚን መርፌ ወይም ዲያዜፓም። ጥያቄው ክራይሲሱ ሳይመጣ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይሰጥ ወይ ነው።

አይሰጥ የሚሉት ጠንካራ ወገን አላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት የጋራ መግለጫ በዘልማድ ለሁሉም መስጠትን አልደገፉም፤ የኋለኛው መመሪያም ይህንኑ ይዟል። ምክንያታቸው ቀላል አይደለም። መድኃኒቱ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያስራል፣ ሽንት ይይዛል፣ ማስታወስን ይጎዳል፤ ስሜትን ስለሚያነቃቃ ሱስ አድርገው የሚወስዱት አሉ። አንዴ ከተጀመረም የሚያቋርጠው የለም፤ ለአንድ ሳምንት የታዘዘው ለአሥር ዓመት ይወሰዳል።

ይሰጥ የሚሉት ደግሞ ጠንካራ መድኃኒት ለሚጀምሩ ወጣቶች ለአጭር ጊዜ መስጠት ክራይሲሱን በግልጽ እንደሚቀንስ በሙከራ አሳይተዋል። ከዚያ በላይ ክብደት ያለው መከራከሪያቸው ይህ ነው፦ የመጀመሪያው ሳምንት ገጠመኝ ታማሚው ለመድኃኒት የሚኖረውን አመለካከት ለዕድሜ ልክ ይቀርጻል።

ሁለቱ ወገኖች የሚከራከሩት ግን አንድ ነገር አስቀድመው ይዘው ይመስለኛል፦ ክራይሲሱ ሲመጣ መርፌ የያዘ ሰው በአጠገብ አለ። «እንጠብቅና ከመጣ እናክም» ማለት የሚቻለው የሚጠብቅ ሰው ሲኖር ነው።

ባንኮ ጎቲቲ ላይ

ጌዴኦ በሕዝብ ጥግግት ከአገሪቱ ቀዳሚዎቹ ዞኖች አንዱ ነው። ቡናው፣ እንሰቱና ትላልቆቹ ዛፎች በአንድ ተዳፋት ላይ ተደራርበው የሚበቅሉበት መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ባንኮ ጎቲቲን የቡና ቀማሾች በዓለም ገበያ በስሙ ያውቁታል። በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያና ሰኔ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል የተነሣው ግጭት በሁለቱም ወገን አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ሲያፈናቅል፣ የጌዴብ ወረዳ ብዙውን ተፈናቃይ ከተቀበሉት አንዱ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የጎቲቲ ስም ከረሃብ ጋር በዜና ተነሣ። በጌዴኦ ተፈናቃዮች ላይ የተሠራ ጥናት ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ከአሰቃቂ ገጠመኝ የሚከተል የአእምሮ ጭንቀት ማግኘቱን ዘግቧል።

ያ ሕመም ሁሉ ፀረ-ሳይኮሲስ መድኃኒት አይፈልግም፤ ይህ ሌላው መለየት ያለበት ነገር ነው። እንቅልፍ ላጣና ለተጨነቀ ሰው «ለማረጋጊያ» ተብሎ የሚወጋ ሃሎፔሪዶል ያለ ምክንያት የተገዛ አደጋ ነው። መድኃኒቱ በእውነት ለሚያስፈልገው ሰው ግን፣ ለምሳሌ ዲላ ታይቶ ወደ ጎቲቲ ለሚመለስ የሃያ ዓመት ወጣት፣ የ1990ው መግለጫ በፊደሉ ሊሠራ አይገባም። መግለጫው በዘልማድ ለሁሉም አይሰጥ አለ እንጂ ለማንም አይሰጥ አላለም። ለእንዲህ ያለ ወጣት መጠኑን ከታች መጀመር፤ ማስታገሻውን ለመጀመሪያው ሳምንት ብቻ፣ የሚቆምበት ቀን በካርዱ ላይ ተጽፎ፣ አብሮ መስጠት፤ ሰውነቱ እንክብሉን ሳይሞክር በሰውነት ውስጥ ለሳምንታት የሚቆየውን የፍሉፌናዚን መርፌ አለመወጋት። መርፌው አንዴ ከገባ መልሶ የሚያወጣው የለም።

ከእንክብሉ የሚቀድም ደግሞ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ በጌዴኡፋም በአማርኛም ሊባል የሚችል፣ ደቂቃ የማይወስድ። «ዓይኑ ወደ ላይ ቢሰቀል ከመድኃኒቱ ነው፣ በራሱ አይገድልም፣ ማርከሻ አለው።» ይህን የሰማ ቤተሰብም ሊደነግጥ ይችላል፤ የት መሄድ እንዳለበት ግን ያውቃል። ያልሰማው እንክብሉን ይጥላል፣ ታማሚውም ዳግመኛ አይታይም።

ይህን የምታነቡ፣ ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ የአእምሮ መድኃኒት ወይም ፕላሲል የጀመረ ሰው ዓይኑ ቢሰቀል፣ አትሰሩት፣ በአፉ ማንኪያ አታስገቡ፣ ክብሪት አታሽትቱት። በስሙ ጥሩት፤ ይሰማችኋል። ምላሱ አብጦ ወይም ጉሮሮው ተቆልፎ መተንፈስ ካቃተው ለደቂቃ አትዘግዩ። የሚቀጥለውን እንክብል ሳትሰጡት ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የመድኃኒቱን መጠቅለያም ይዛችሁ ሂዱ።